ሰነፉ ጋዝ

ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማሩን መምህር ናይትሮጅንን በአንድ ቃል ነበር የሚያልፉት፤ «ሰነፍ»። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው፤ ሳንባችን ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። እሳት አያነድም፣ ብረት አያዝግም። ኦክስጅን አንዱን ሲያበራ ሌላውን ሲያቃጥል ናይትሮጅን ጥግ ይዞ ያያል። ፈተና ላይ «ለምን ሰነፍ ሆነ?» ሲባል «ሁለቱ አተሞች በሦስት ማሰሪያ ስለተያያዙ» ብለን ጽፈን ማርካችንን እንወስዳለን። የናይትሮጅን ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን እንጀራዬን የምበላው በዚህ ሰነፍ ጋዝ ነው። (ያው እንጀራ ስል ሩዝ ማለቴ ነው፤ ያለሁት ጃፓን ነው።) ለማስተርስ መጥቼ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ብረት ናይትሮጅን አጠጣለሁ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቅና ወሬ ይቀይራል። እናንተ ግን እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ከጆሮ ማዳመጫችሁ እስከ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪኖች ድረስ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳማሪየም የሚባል ብረታ ብረት አለ፤ «ሬር ኧርዝ» ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች አንዱ። 2 አተም ሳማሪየም ለ17 አተም ብረት በሚሆን መጠን ሁለቱን አቅልጣችሁ ስታቀዘቅዙ አንድ ውሁድ ታገኛላችሁ። ይህ ውሁድ ለቋሚ ማግኔትነት ከንቱ ነው፤ ማቀዝቀዣ በር ላይ ወረቀት አያስይዝም። ይህንኑ ከንቱ ነገር ፈጭታችሁ፣ 450 ዲግሪ አካባቢ አሙቃችሁ፣ አሞኒያ ስታሳልፉበት ግን ናይትሮጅን ይመጥጣል። 10 ግራም የነበረው ዱቄት 10.34 ግራም ይሆናል። የጨመረው ያችው 0.34 ግራም ናት። በዚያች ጭማሪ የተነሳ ዱቄቱ በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ የማግኔት ቁሶች ተርታ ይሰለፋል።

መጀመሪያ ይህን ቁጥር ሚዛን ላይ ሳየው ያሰብኩት ስለ አባባ ነበር። አባባ መርካቶ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ራዲዮ፣ ቴፕ እና ድምፅ ማጉያ ጠግነዋል። የተበላሹ ድምፅ ማጉያዎችን ፈትተው ጥቁሩን ክብ ማግኔት በአንድ ካርቶን ያጠራቅሙ ነበር። እኛ ልጆቹ ሚስማር እያነሳንበት እንጫወታለን። አባባ የተማሩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ ስለ ማግኔት የነገሩኝ አንድ ነገር ግን ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሦስት ሰዓት ሌክቸር የተማርኩት ነው። «ማግኔት ሁለት ጠላት አለው» ይሉ ነበር፣ «አንዱ ሙቀት፣ አንዱ ሌላ ማግኔት።»

እስቲ ከሙቀቱ እንጀምር። እያንዳንዱ የብረት አተም ትንሽ ቀስት የተሸከመ አድርጋችሁ አስቡት። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲያመለክቱ ብረቱ ማግኔት ነው። ሙቀት ሲጨምር አተሞቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ የሆነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሰልፉ ይበተናል። ያን ደረጃ የኪዩሪ ሙቀት ይሉታል፤ በፒየር ኪዩሪ ስም። ንጹሕ ብረት እስከ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይጸናል። ከሳማሪየም ጋር 17 ለ2 ሲጋባ ግን 116 ዲግሪ ገደማ ላይ ይበተናል። ከሚፈላ ውኃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጠንካራው ብረት ምን ነካው?

መልሱ ያለው ርቀት ላይ ነው። በዚህ ክሪስታል ውስጥ አንዳንድ የብረት አተሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው በጣም ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ብረት ደግሞ ጠባዩ እንግዳ ነው። በልኩ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት የብረት አተሞች ቀስቶቻቸውን አንድ ላይ ያቆማሉ፤ ከልክ በላይ ሲጠጋጉ ግን አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ማለት ይፈልጋል። ጠበኛ ጥንዶች እንበላቸው። ጥቂት ናቸው፣ የመላውን ሰፈር ሰላም ግን ይነሳሉ።

ናይትሮጅን ሲገባ አተሞች መካከል ካለ ክፍተት ውስጥ ይሰነቀራል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር የሁላችንም ትከሻ ይጣበቃል። እዚህ ግን የሚለጠጠው ታክሲው ነው። የክሪስታሉ ይዘት ከ6 በመቶ በላይ ያድጋል፤ ጠበኞቹ ብረቶች ይራራቃሉ፤ ጠቡ ይበርዳል። የኪዩሪ ሙቀቱ ከ116 ተነስቶ 470 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ናይትሮጅን ራሱ ማግኔት አይደለም፤ ቀስት የለውም። ለብረቱ የጨመረለት ቦታ ነው።

ከቦታ ሌላም ያመጣው ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ማግኔት ለመሆን ቀስቶቹ አንድ ላይ መቆማቸው አይበቃም፤ በቆሙበት አቅጣጫ መጽናት አለባቸው። አባባ «ሌላ ማግኔት» ያሉት ሁለተኛው ጠላት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክሪስታሉን እንደ ጎጆ ቤት እዩት፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ ከታች ወለል አለ። ናይትሮጅን ከመግባቱ በፊት ቀስቶቹ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ወለል ላይ የተኛ ቀስት ወደ ፈለጉት ቢያዞሩት አይከለክልም፤ ሰሜንም ምሥራቅም ለእሱ አንድ ነው። ከናይትሮጅን በኋላ ግን ቀስቶቹ ከምሰሶው ጋር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያን ጊዜ ለመገልበጥ ሙሉውን ግማሽ ዙር ማሽከርከር ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከ14 ቴስላ በላይ የሆነ መግነጢሳዊ መስክ ይጠይቃል፤ ኒዮዲሚየም ከሚጠይቀው ሁለት እጥፍ ገደማ። ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ ማሽን ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ አስቡት።

ለምን ቆሙ? ናይትሮጅኖቹ የሚሰፍሩት ሳማሪየሙን በወለሉ ደረጃ ከበው ነው፤ ለአንድ ሳማሪየም ሦስት ናይትሮጅን። የሳማሪየም የውስጥ ኤሌክትሮኖች ደመና እንደ እንዝርት ሾጠጥ ያለ ነው፤ ቀስቱም በእንዝርቱ ርዝመት ነው የሚሄደው። በጎን የሰፈሩት ናይትሮጅኖች ኤሌክትሮን የሞላባቸው ስለሆኑ እንዝርቱን ከወለሉ ገፍተው ያቆሙታል። አሁን በሳማሪየም ፋንታ ኒዮዲሚየም ብታስገቡስ? የኒዮዲሚየም ደመና እንደ እንጀራ ዝርግ ነው፤ ቀስቱም እንጀራውን ወግቶ እንደሚያልፍ እንጨት ከላይ ወደ ታች ነው። ናይትሮጅኖቹ ዳር ዳሩን ሲገፉት እንጀራው በጠርዙ ይቆማል፤ ያኔ ቀስቱ ወለሉ ላይ ይጋደማል። አንድ ዓይነት ናይትሮጅን፣ አንድ ዓይነት ብረት፣ አንዱን ሰው አደረገው፣ ሌላውን ጣለው። ይባስ ብሎ በሌላ የክሪስታል ዓይነት፣ 12 ብረትና ብረት መሰል አተሞች ለአንድ ሬር ኧርዝ በሚሆኑበት፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲው ያንግ ዪንግቻንግ እና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት እዚያ ቤት ናይትሮጅን የሚያቆመው ኒዮዲሚየምን ነው። ሳማሪየም ደግሞ ያለ ናይትሮጅን ቆሞ ነበር፤ ሲገባበት ይተኛል።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ወዲያው ምሳሌ ያደርጉብኛል። «ልክ እንደ ስደት!» ትለኛለች አንዷ፤ «ባዕድ ነገር ገብቶ ይቀይርሻል።» ደስ አይለኝም። ሰው ክሪስታል አይደለም፤ እኔም ጃፓን ስለገባሁ ምሰሶ ሆኜ አልቆምኩም። ከምሳሌው ይልቅ ነገሩ ራሱ ያስደንቀኛል።

ታሪኩም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፉጂትሱ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ማሳቶ ሳጋዋ የሚባል ወጣት ተመራማሪ አንድ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ተናጋሪው የሬር ኧርዝ እና የብረት ውሁዶች ለምን ጥሩ ማግኔት እንደማይሆኑ ያብራራል፤ ብረቶቹ ከልክ በላይ ተጠጋግተዋልና። ሳጋዋ እዚያው «ታዲያ እንደ ካርቦን ወይም ቦሮን ያለ ትንሽ አተም መሐላቸው ብንከት አይራራቁም?» ብሎ ያስባል። ያኔ የዓለም ጠንካራው ማግኔት ሳማሪየም ከኮባልት የሚሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የኮባልት ዋና ምንጭ በነበረችው የዛየር ሻባ ግዛት ጦርነት ተነስቶ ዋጋው ሰማይ ነካ። በኮባልት ፋንታ ብረት ቢሆን ምን ነበረበት? ሳጋዋ ሐሳቡን ለማሳካት ኩባንያ እስከ መቀየር ደረሰ። ከኒዮዲሚየም፣ ከብረት እና ከቦሮን የሠራውን ማግኔት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ጆን ክሮት በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሶ ነበር።

እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ቦሮኑ ብረቶቹን በማራራቅ አይደለም የሠራው፤ ጭራሽ አዲስ ክሪስታል ነው የፈጠረው። ሳጋዋ መጀመሪያ ያለመው ነገር፣ ያንኑ አሮጌ ቤት ሳያፈርሱ ትንሽ አተም አስገብቶ መለጠጥ፣ እውን የሆነው ቆይቶ በናይትሮጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ማይክል ኮይ እና ሆንግ ሱን የሳማሪየምና የብረቱን ዱቄት በአሞኒያ አሙቀው ውጤቱን አሳተሙ። ጃፓንም ውስጥ በአሳሂ ካሴይ ኩባንያ ሰዎች በራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ቁስ ደርሰው ነበር።

ለምን አሞኒያ? ይኸው ስንፍናው ነው። የናይትሮጅን ጋዝ ሁለቱ አተሞች ካልተላቀቁ ወደ ብረቱ ሊገቡ አይችሉም፤ ማላቀቅ ደግሞ ትግል ነው። አሞኒያ ግን አንድ ናይትሮጅን በሦስት ሃይድሮጅን የተያዘ ስለሆነ የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ በቀላሉ ይፈታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የጋለ ብረት ላይ ናይትሮጅንን የመፍታት ጥበብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዩሪያ ማዳበሪያ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍሪትዝ ሃበር እና ካርል ቦሽ ናይትሮጅንን ብረት ላይ ፈትተው ከሃይድሮጅን ጋር አጋቡትና አሞኒያ ሠሩ፤ ከአሞኒያው ዩሪያ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1913 ፋብሪካው ጀርመን ኦፓው ውስጥ ሥራ ጀመረ። ጎጃም ያለው አጎቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ተሰልፎ የሚጠብቀው ጆንያ እና የእኔ ቱቦ ውስጥ ያለው ዱቄት የአንድ ምላሽ ሁለት ጫፎች ናቸው። እሱ ብረቱ የላከለትን ይጠብቃል፤ እኔ ብረቱ የወሰደውን እመዝናለሁ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራው ግጥም አይመስልም። ዱቄቱ ከፀጉር ክር ውፍረት ያነሰ ቢሆንም ናይትሮጅን የሚሰርገው ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ነው። ቶሎ ካወጣችሁት እንደ ጥሬ ድፎ ዳቦ ይሆናል፤ ዳሩ በስሎ መሐሉ ሊጥ። ሙቀቱን ከጨመራችሁ ደግሞ ዱቄቱ ይፈርሳል። የአሞኒያው ሽታ በደንብ ያልተጠረገ በረት ይመስላል፤ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሁላችንም ወደ በሩ ነን። ከዚያ ዱቄቱ እንደገና ወደ 2 እና 3 ማይክሮሜትር ይፈጫል፤ ያን ያህል ሲደቅ አየር ካገኘው በራሱ ይነዳል። ለአባባ ስነግራቸው «ብረት ይነዳል እንዴ?» አላሉም። «ግሪንደር ሲመታው የሚረጨው ታዲያ ምንድነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብየዳ ቤት የምናየው ብልጭታ የሚነድ ብረት ነው።

*

እንግዲህ ወረቀት ላይ ስታዩት የእኔ ዱቄት ከኒዮዲሚየም ማግኔት የሚያንስበት ቦታ ጥቂት ነው። የመግነጢስ መጠኑ ተቀራራቢ ነው፤ 1.54 ቴስላ ለ1.6። የኪዩሪ ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ በላይ ይበልጣል፤ ኒዮዲሚየም 312 ላይ ነው የሚያበቃው። አቅጣጫውን በመጠበቅ እጥፍ ይበልጣል። ኒዮዲሚየም ሙቀት እንዲችል ዲስፕሮሲየም የሚባል ውድና ብርቅ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ የእኔው ይህን አይፈልግም። ሳማሪየም ደግሞ ኒዮዲሚየም ለማውጣት ማዕድኑ ሲጣራ አብሮ የሚወጣ፣ ፈላጊው ትንሽ የሆነ ነው። ታዲያ ከ35 ዓመት በኋላ መኪኖቹን፣ ነፋስ ተርባይኖቹን፣ ሮቦቶቹን የያዘው ለምን ኒዮዲሚየም ሆነ?

ምክንያቱም ዱቄት ማግኔት አይደለም። ዱቄቱን ድፍን አካል ማድረግ አለባችሁ። የኒዮዲሚየሙን ዱቄት ትጫኑታላችሁ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ታጋግሉታላችሁ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ድንጋይ ይሆናሉ። የእኔው ግን 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል። ናይትሮጅኑ ብረቱን ትቶ ከሳማሪየሙ ጋር ብቻ ይያያዛል፤ ብረቱ ለብቻው ይቀራል፤ ያ ሁሉ ድካም ወደ ተራ ብረትና ወደ ማይረባ አመድ ይለወጣል። ሰው ያደረገው ናይትሮጅን ወደ እሳት እንዳይገባም ከለከለው ማለት ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዱቄቱን ከናይለን ጋር ለውሰው እንደ ፕላስቲክ በቅርጽ ያወጡታል። ለአነስተኛ ሞተሮች ጥሩ ነው፤ የቦታው ትልቅ ድርሻ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ጉልበቱ ወረቀት ላይ ካለው ብዙ ያንሳል።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ስለ አዳዲስ ቁሶች የሚጻፉ ዜናዎችን ማመን ትቻለሁ። «ከኒዮዲሚየም የሚበልጥ ማግኔት ተገኘ» የሚል ርዕስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «በስንት ዲግሪ ይጋገራል?» ብዬ ነው። ባሕርይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይለካል፤ ምድጃ ግን ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህን ስል ተስፋ ቆርጬ አይደለም፤ ሌሊት የምሠራው በዚሁ ነገር ላይ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። አዎ፣ ቆርቆሯችን ላይ የሚቀባው ያው ዚንክ። ዱቄቱ ሳይፈርስ በቀለጠ ዚንክ ቢጣበቅስ? ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ኮይና ጓደኞቹ ናይትሮጅኑን በደረሱበት ሰሞን ሞክረውታል። ዚንኩ ማጣበቅ ብቻ ሳይሆን ቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ተርፎ የሚያበላሸውን ተራ ብረት ይዞ ማግኔት ያልሆነ ሽፋን ያደርገዋል፤ የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል። በሌላ በኩል ዚንኩ በበዛ ቁጥር ማግኔቱ ይሳሳል። ያሁኑ ጣጣዬ በትንሽ ዚንክ ብዙ ዱቄት መሸፈን ነው። እንደ ቅቤ እጥረት ነው፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ለአንድ ድስት ገንፎ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ቻይና ሰባት ሬር ኧርዞች ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ስትጥል ቤተ ሙከራችን ውስጥ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ተደፋ። ዝርዝሩ ውስጥ ዲስፕሮሲየም ነበር፣ ቴርቢየም ነበር፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሳማሪየምም ነበር። «ፈላጊ የለውም» እያልን የምንጽፍለት ሳማሪየም! ለተዋጊ አውሮፕላንና ለሚሳኤል የሚውለው ማግኔት አሁንም ሳማሪየም ከኮባልት ነውና። ፕሮፌሰራችን ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ መጋዘን ገብተው የቀረንን ሳማሪየም መዝነው ተመለሱ።

እንዲህ ያለው ዜና ለእኔ የሩቅ አገር ፖለቲካ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ እስኪደውል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ታርጋው አዲስ፣ ድምፁ የማይሰማ መኪና ሞልቷታል። ወንድሜም ዕቁቡን አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛና ራይድ ይሠራበታል። ከእሱ ጋር ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቹ እና በከፊል አባባም የሚኖሩት በዚያች መኪና ነው።

አንድ ቀን የማቀዝቀዣው ፓምፕ ቆመ፤ መኪናዋ ቀይ እያበራች ሽቅብ ሄደች። ፓምፑ ተቀየረ። መኪናዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነችም። «ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ትለግማለች» አለኝ። «አንቺ የማግኔት ዶክተር አይደለሽ? ምንድነው?»

«ገና አልተመረቅኩም።»

«ተመረቂ አልኩሽ? ምንድነው ነው ያልኩሽ።»

ጋራዥ ያለ ጓደኛው ሞተሩን በውጭ ኃይል እንዲያሽከረክረውና የሚያመነጨውን ቮልቴጅ እንዲለካ ነገርኩት፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ጤነኛ መኪና ከሚሰጠው ካነሰ ማግኔቱ ደክሟል ማለት ነው። ለኩ። አንሷል። የአባባ ሁለቱ ጠላቶች ተባብረው ነበር፤ ሙቀቱ ቀስቶቹን አላላቸው፣ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ የሚፈጥረው መስክ ከፊሎቹን ገለበጣቸው። አስመጪው «ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀየር» አለ፤ ዋጋው የመኪናዋን ሲሶ ይሆናል። ማግኔቱን ብቻ ቀይሮ የሚሰጥ ሰው በከተማው አልተገኘም። ማግኔት የሚሠራ ፋብሪካማ ከየት ይመጣል? ከዓለም የሬር ኧርዝ ማግኔት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የሚወጣው ከአንድ አገር ነው። ጃፓንና አሜሪካም የሚጨነቁት በዚሁ ነው፤ ወንድሜ ብቻውን አይደለም፤ ይህ ግን ብድሩን አይከፍልለትም።

«ያንቺው ቢሆን ይችለው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጠየቅም። እዚህ የምንጠየቀው «ስንት በመቶ ተሻሻለ?» ተብለን ነው። እውነቱን ነገርኩት። ቅንጣቱ ይችለው ነበር፤ ማግኔቱ ግን ለመኪና ሞተር የሚበቃ ሆኖ ገና አልተሠራም። «እሺ» አለ። ትንሽ ቆየና «ስንት ዓመት?» አለ። የቤተ ሙከራ ሰው ሁሉ አፉ ላይ ያለው «10 ዓመት» የሚባል መልስ አለ። ለወንድሜ ግን ማለት አልቻልኩም፤ ብድሩ በ4 ዓመት ነው የሚያልቀው። መኪናዋን አሁን በሜዳው መንገድ ብቻ ይነዳታል፤ ቦሌና ሲኤምሲ። ወደ እንጦጦ የሚል ጥሪ ሲመጣ ይዘለዋል።

እኔን ደግሞ መጋቢት ላይ የነጻ ትምህርት ዕድሌ ያልቃል። እዚሁ ለዶክትሬት እንድቀጥል ተጠይቄያለሁ፤ ሦስት ዓመት ከዚንክ ጋር። ሌላው አማራጭ አገር ቤት ነው፤ የቱቦ ምድጃም ሆነ በጋዝ የተሞላ ጓንት ሳጥን የሌለበት፣ ነገር ግን በየመንገዱ ማግኔታቸው አንድ ቀን የሚደክም ሞተሮች የሚመላለሱበት ከተማ። የደከመን ሞተር ፈትቶ ማግኔቱን እንደገና ማስሞላት ራሱ ሙያ ነው፤ የሚጠይቀው ናይትሮጅን ሳይሆን ጥቅል ሽቦና ትልቅ ካፓሲተር ነው። ስለዚህ ለወንድሜ ጓደኛ ስዕል ልኬለታለሁ፤ ለፕሮፌሰሩ መልስ አልሰጠሁም።

ባለፈው ወር አገር ቤት በምትሄድ ልጅ እጅ ለአባባ ትንሽ ነገር ላክሁ፤ እኔ ዱቄቱን ሠርቼው ከናይለን ጋር ተለውሶ የወጣ፣ ከ50 ሳንቲም የማይበልጥ ክብ ማግኔት። አባባ በቪዲዮ እያሳዩኝ መረመሩት። ከተሰበረ የጆሮ ማዳመጫ ካወጡት የኒዮዲሚየም ማግኔት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። በመጀመሪያ ሚስማር አስነሡ። የእኔው ትልቅ ሆኖ ሳለ 7 ሚስማር፤ ትንሿ 6። ፊታቸው ላይ ብዙም አድናቆት አላየሁም። ከዚያ ሁለቱንም በክር አስረው የሚፈላ ውኃ ውስጥ ከተቷቸው። ቡና እስኪፈላ ያህል ቆዩ። አውጥተው፣ አድርቀው፣ አቀዝቅዘው እንደገና ሞከሩ። ትንሿ 4 አነሳች። የእኔው 7።

ሰባተኛው ሚስማር ሲንጠለጠል ስልኩን አስጠግተው አሳዩኝ።

«ጎበዝ» አሉ። «ስንት ነው ዋጋው?»

ነገርኳቸው፤ ዱቄቱን፣ አሞኒያውን፣ መፍጫውን ደምሬ።

«ታዲያ ማን ይገዛዋል?» አሉ፤ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ጣሳው እየመለሱ።